ግድብ ገዛሁ

(አትላንታ አካባቢ ለተሰበሰቡ የአገር ልጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። የተንተባተብኩባቸውን ቦታዎች አውጥቻቸዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ሦስት ባዶ አሉ።

ከማውራቴ በፊት እነዚህን ሁለት ጠርሙሶች ላዙር። አንዱን ከወዲህ፣ አንዱን ከወዲያ። ውሃ ናቸው። ብቻ እንዳትጠጧቸው። እያያችሁ አጠገባችሁ ላለው አሳልፉ። ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ስለ ግድብ እንዳወራ የተጋበዝኩት ግድብ ስላለኝ ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ለባለቤቴ ደውዬ "ግድብ ገዛሁ" አልኳት። "እሱንማ እኔም ገዝቻለሁ፤ ቦንዱ መሳቢያ ውስጥ አለ" አለችኝ።

አልፈርድባትም። እኛ ግድብ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየን። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው መሠረት ከተጣለ ወዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቦንድ ያልገዛ ሰው ካለ እጁን እንዳያወጣ። እኔ የምላት ግን ሌላ ነበር። ቁመቱ አምስት ሜትር ተኩል። ርዝመቱ ሰባ እርምጃ፤ ራሴ ተራምጄ ቆጥሬዋለሁ። ከቀይ አፈር የተሠራ፣ ከኋላው አንዲት ኩሬ ያቀፈ ጉብታ። ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ቢነዱ፣ ተራራው የሚጀምርበት አካባቢ ነው። መሬቱን ስገዛ አብሮ መጣ። የሻጩ ደላላ "ኩሬ አለው" ነው ያለኝ። "ግድብ አለው" አላለኝም። በነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ገንዘብ አስወጥቶኛል።

ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው፤ ሆራ ዳር። ሆራን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ማንም አልገደበውም። ያፈሳል ወይ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ልጅ ሆነን ዳሩ ላይ ቁጭ ብለን ወፍ ስናይ እንውል ነበር። ይሄን ኩሬ ሳይ ሆራን ያገኘሁ መሰለኝ። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ሐይቅን ፈጣሪ ሠርቶ ይተወዋል። ኩሬን ግን አንድ ገበሬ በቡልዶዘር ሠርቶ፣ ከብቱን አጠጥቶበት፣ አርጅቶ ሲሞት ቀጣዩ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። የአሁኑ ቀጣይ ሰው እኔ ነኝ።

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ኩሬ ብዛቱ አያድርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያ ታላቁ የአቧራ ዘመን ገበሬውን ካራቆተ በኋላ፣ መንግሥት በ1935 የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ባለሙያዎቹ እየዞሩ ገበሬውን ኩሬ እንዴት እንደሚሠራ አስተማሩት። ለከብት፣ ለመስኖ፣ ለዓሣ። ዛሬ በአገር አቀፉ የግድቦች መዝገብ ላይ ብቻ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ የግል ናቸው፤ አብዛኞቹም ከአፈር የተሠሩ። የእኔ ዓይነቱ ደግሞ ከማነሱ የተነሳ መዝገቡ ላይ እንኳ አይገባም።

የግል ግድብ የሚለው ነገር ለእኛ ጆሮ ራሱ እንግዳ ነው። አገር ቤት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ግድብ ቢሠራም ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ክልሉ አለ። ቢያፈስ የምትጮህበት ሰው አለ። እዚህ ግን የምጮኸው ራሴው ላይ ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ግድብን እንደ ሰው አስቡት። ፊት አለው፤ ወደ ውሃው የሚያየው ጎን ነው። ጀርባ አለው። አናት አለው፤ የእኔው አናት መኪና ያስኬዳል። እግር አለው፤ ጀርባው ሜዳውን የሚነካበት ቦታ ማለት ነው። ሆዱ ውስጥ በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር አለ። ሲሠራ አፈሩ ስስ ስስ ሆኖ ይነጠፋል፤ እያንዳንዱ ንጣፍ በሮለር ይረገጣል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። አንድ ጊዜ ቆልሎ መሄድ የለም። ውሃው የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የዘወትር ነው፤ ኩሬው ውስጥ የቆመ ቱቦ አለ፣ ውሃው አፉ ድረስ ሲሞላ ይገባበትና በግድቡ ሆድ ውስጥ አልፎ በጀርባ ይወጣል። ሁለተኛው የክፉ ቀን ነው፤ ከግድቡ ጎን፣ ከአናቱ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ሰፊ ሣር ያለበት ቦይ። ማስተንፈሻ በሉት። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይከርማል። ትርፉ ጎርፍ ሲመጣ በዚያ ይሄዳል። የአፈር ግድብ ላይ ውሃ በአናቱ ከፈሰሰ አለቀለት። ኮንክሪት ይችለው ይሆናል፤ አፈር አይችልም። ስኳር ላይ ሻይ እንደማፍሰስ ነው።

ግድቡ ይሄው ነው። አሁን ወደ ኩሬው ልሂድ፤ እኔ የወደድኩት ኩሬውን ነውና።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቡናዬን ይዤ እወጣለሁ። ጉም አለ። ሰማያዊ ሄረን የሚሏት ባለ ረጅም አንገት ወፍ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ቆማለች። ከሩቅ ሽመላ ትመስላለች። አትንቀሳቀስም። ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት። ቡናዬ ይቀዘቅዛል። ድንገት አንገቷ እንደ ጅራፍ ይወነጨፍና አንድ ትንሽ ዓሣ አፏ ላይ ይንፈራገጣል። ከዚያ ትውጣለች፤ ዓሣው በጉሮሮዋ ሲወርድ ይታያል። ፀሐይ ስትወጣ ኤሊዎቹ የወደቀው ግንድ ላይ በተራ ይሰለፋሉ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ቆጥሬአለሁ፤ አሥራ ሁለተኛዋ ቦታ አጥታ እየገፋች ስትጥላቸው ነበር። ማታ ደግሞ ድምፁ የጥጃ የሚመስል ትልቅ እንቁራሪት አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ ስትሰማው "ጎረቤት ላም አለው እንዴ?" አለችኝ።

ስድስት ዓመት የተማርኩትን ልንገራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ነው። ኩሬውን የሚያሳምረው ነገር ሁሉ ግድቡን ያፈርሰዋል። አንድም ሳይቀር። ዛፉም፣ እንስሳውም፣ ዓሣውም፣ ውሃው ከፍ ማለቱም።

ከዛፉ ልጀምር። መጀመሪያው ዓመት ላይ ግድቡ አናት ላይ ጥላ የለም ብዬ ኮክ ተከልኩ። አራት ችግኝ። ሁለት በለስም ጨመርኩ። በጀርባው ላይ ደግሞ ከእኔ በፊት የበቀሉ ወገብ የሚያህሉ ጥዶች ነበሩ። "አፈሩን ይዘውልኛል" ብዬ ደስ አለኝ። እኛ አገር ዛፍ ማለት አፈር ጠባቂ ነው፤ እንዲያ ተብለን ነው ያደግነው፤ ተራራ ላይ እውነት ነው። ግድብ ላይ ግን ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ኩሬው ይሄዳል። ዛፉ በሕይወት እያለ ችግሩ ብዙ አይታይም። ሲሞት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ሥሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ውሃ ደግሞ ባዶ ቱቦ ይወዳል። አውሎ ነፋስ ከጣለው የባሰ ነው፤ ከነሥሩ ሲነቀል ግማሽ የጭነት መኪና አፈር ከግድቡ ሆድ ይዞ ይወጣል። መሐንዲሱ መጥቶ ኮኮቼን ሲያይ ምንም አላለም። ዝም ብሎ በእግሩ ነካ ነካ አደረጋቸው። በማግስቱ ነቀልኳቸው። ጥዶቹን ግን እሱ ራሱ "አትንካ፤ ትልቅ ዛፍ እንደ ችግኝ ቆርጠህ የምትተወው አይደለም፤ ሥሩ ይወጣል፣ ጉድጓዱ በሥርዓት ይሞላል" አለኝ።

ከእኔ መሬት ብዙ ሳይርቅ ቶኮዋ የሚባል ከተማ አለ። የሄዳችሁ ትኖራላችሁ፤ የሚያምር ፏፏቴ አለው፣ 57 ሜትር ግድም ይወረወራል። ከፏፏቴው በላይ ኬሊ ባርንስ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። መጀመሪያ መብራት ለማመንጨት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መብራት ማመንጨቱ ቆመ፤ ሐይቁ ግን ለዓሣ ማጥመጃና ለመዝናኛ ቀረ። ልብ በሉ፤ ገቢ ሲያመጣ የሚንከባከበው ነበረው፤ ውበት ብቻ ሲሆን ባለቤት እንዳጣ ዕቃ ሆነ። ጀርባው እጅግ ቁልቁል ነበር። ዛፍ በቅሎበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊትም አንድ ጎኑ ተንዶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 6 ቀን 1977፣ ለቀናት ከዘነበ በኋላ፣ ሌሊት ሰዉ በተኛበት ግድቡ ሄደ። ከፏፏቴው በታች የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር፤ ተማሪና መምህር ከነቤተሰቡ የሚኖርበት። 39 ሰው ሞተ።

የመረመሩት ባለሙያዎች ይሄ ነው ብለው አንድ ምክንያት ለይተው ማስቀመጥ አልቻሉም። ብዙ ነገር ተደራርቦ ነበር። ጆርጂያ እስከዚያ ድረስ የግድብ ደኅንነት ሕግ አልነበራትም። በዓመቱ፣ በ1978፣ አወጣች። ፕሬዚዳንቱም የዚሁ የጆርጂያ ልጅ ጂሚ ካርተር ነበሩና በመላው አገሪቱ አደገኛ ቦታ ላይ ያሉ የግል ግድቦች እንዲመረመሩ አዘዙ።

ሕጉ ግድብን የሚመድበው በጥንካሬው አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሚጠየቀው "ቢፈርስ ከታች ሰው ይሞታል ወይ?" ነው። ሰው የሚሞት ከሆነ አንደኛ ምድብ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ይመረመራል። ካልሆነ ሁለተኛ ምድብ ነው። እንግዲህ እዩት። ግድብህ ያው ነው። አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሰው ከታች ቤት ይሠራል፤ ያኔ ግድብህ አንደኛ ምድብ ሆነ። ሕጉ የሚመለከተው ቁመታቸው 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ግድም፣ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑትን ወይም ብዙ ውሃ የያዙትን ነው። የእኔው ከዚያ በታች ነው። ሕጉ አያውቀኝም። ከታች ያለው ጎረቤቴ ግን ያውቀኛል። እሱ ጋ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ እንስሳቱን።

ቢቨር ታውቃላችሁ አይደል? ጥርሱ ብርቱካናማ፣ ጅራቱ እንደ እንጀራ ሰፌድ ጠፍጣፋ የሆነ። በሦስተኛው ዓመት መጣ። ልጆቼ በደስታ አበዱ። እኔም ቪዲዮ አንስቼ አገር ቤት ላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስወጣ ውሃው ከአናቱ ሊደርስ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ቆሞ ያለው ቱቦ አፉ አይታይም። እንጨት፣ ጭቃ፣ የፊላ ሥር፣ አንድ የጠፋብኝ የልጄ ጫማ ሳይቀር ጠቅጥቆበታል። ቢቨር የሚፈስ ውሃ ድምፅ አይችልም። በድምፅ ማጉያ የውሃ ድምፅ ቢያሰሙት ማጉያው ላይ እንጨት ይከምራል፤ ተሞክሮ የታየ ነው። እሱ የሚሰማው "ኩሬዬ እየፈሰሰ ነው" የሚል ድምፅ ነው። ሙያ ብንነጋገር ከእኔ የተሻለ የግድብ ባለቤት ነው። ችግሩ ግድቡ የሁለታችን መሆኑ ነው።

በዋና ገብቼ በእጄ አወጣሁት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። በማግስቱ መልሶ ደፈነው። በአራተኛው ቀን ሽንፈቴን ተቀበልኩ። መፍትሔው መጣላት አይደለም፤ ማታለል ነው። ከቱቦው አፍ ላይ ሌላ ረጅም ቱቦ ቀጥለህ ወደ ኩሬው መሃል ትወስደዋለህ፤ አፉን ከውሃ በታች አድርገህ ዙሪያውን በሽቦ ቅርጫት ትከልለዋለህ። ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ቢቨሩ የሚፈስ ነገር አይሰማም። ሰላም ወረደ። እስከ ዛሬ አለ።

መስክራት ግን ሰላም የለውም። ከአይጥ ተለቅ የሚል ነው፤ ጠጉሩ ያምራል፤ ሲዋኝ ብታዩት ትወዱታላችሁ። ቤቱን የሚቆፍረው ግድቡ ፊት ላይ ነው። በሩ ከውሃ በታች ስለሆነ አይታይም። ከበሩ ወደ ላይ እየቆፈረ ሄዶ ደረቅ ክፍል ይሠራል። ውሃው ከፍ ሲልበት ሌላ ፎቅ ይጨምራል። አንድ ቀን ሣር እያጨድኩ የማጨጃዋ የፊት ጎማ ጥልቅ አለ። ወርጄ ሳይ የምጣድ ስፋት ያለው ጉድጓድ። ውስጡ ደረቅ ሣር ተነጥፎ፣ በሥነ ሥርዓት የተደረገ መኝታ ቤት። አሳቀኝ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

የሳቅሁት ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። አሁን ጠርሙሶቹ የት ደረሱ? አንዱ እዚያ ጋሼ እጅ ላይ ነው። ጋሼ፣ እስቲ ነቅነቅ ያድርጉት። አያችሁ? የሻይ በወተት መልክ አወጣ። ሲቀመጥ ከሥሩ ቀይ ጭቃ ይዘቅጣል። ሌላኛው ግን ብትነቀንቁትም ጥርት ያለ ነው።

ሁለቱም ከአንድ ቦታ የተቀዱ ናቸው፤ ከግድቡ እግር። ማንኛውም የአፈር ግድብ ትንሽ ያሰርጋል። ይሄን ስሰማ ደንግጬ ነበር። ግን እውነት ነው፤ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም። አገር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በትግራይ ከተሠሩት ትናንሽ የአፈር ግድቦች ብዙዎቹን ያስቸገረው ይሄው ስርገትና ደለል ነው። ስርገቱ ጥርት ያለ ከሆነና መጠኑ ካልጨመረ ግድቡ እየተነፈሰ ነው። ከደፈረሰ ግን ውሃው ብቻውን አይደለም የሚወጣው፤ ግድቡን በቅንጣት በቅንጣት ይዞ እየወጣ ነው። ከውስጥ መቦርቦር ይሉታል። በጀርባ በኩል ይጀምርና ወደ ኩሬው እየቆፈረ ይሄዳል። ኩሬው ጋ የደረሰ ቀን ሰዓታት ናቸው የሚቀሩት።

ድፍርሱን የቀዳሁት ማጨጃዋ በጠለቀች በስምንተኛው ቀን ነው። መኪናዬ ኮፈን ላይ አቁሜው አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። እስኪጠልል ነበር ተስፋዬ። ጠለለ፤ ከሥር ግን ጣት የሚሞላ ጭቃ ተቀመጠ። ያኔ ጉልበቴ ራደ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን ነበር? መድፈን። ሸክላ አምጥቼ ውሃው የሚወጣበት ላይ መለሰን። ማንም ጤነኛ ሰው ይሄን ነው የሚያስበው። በስልክ ያገኘሁት መሐንዲስ ጮኸብኝ። "አትድፈነው! አጥልለው!" ደፍነኸው ውሃው ቦታ ቢያጣ ሌላ ቦታ ይፈነዳል፤ ወይም ግፊቱ ጀርባውን ይንደዋል። የሚደረገው አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር መጫን ነው። ቡና እንደ ማጥለል ነው፤ ውሃው ይለፍ፣ አፈሩ ይቅር። ጎን ለጎን ኩሬውን ዝቅ ማድረግ። እሱም ቢሆን ቀስ ብሎ፤ አጣዳፊ ካልሆነ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቶሎ ከወረደ ውሃ የጠጣው የፊት አፈር ድጋፉን ያጣና ይናዳል።

ተቆፍሮ ሲታይ ምክንያቱ ሁለት ሆኖ ተገኘ። በግድቡ ሆድ የሚያልፈው የቆርቆሮ ቱቦ ዝጎ ተበስቷል። የመስክራቱ ጉድጓድ ደግሞ ውሃውን ወደዚያ መርቶታል። ቱቦው ተቀየረ። ዙሪያው በተመረጠ አሸዋ ተሞላ፤ ድሮ የብረት አንገትጌ ያስሩለት ነበር፣ አሁን አሸዋው ይበልጣል ይላሉ። የፊቱ የውሃ ጠርዝ ደግሞ ድንጋይ ለበሰ፤ መስክራት በድንጋይ መሃል አይቆፍርም። ሒሳቡን አልነግራችሁም። ባለቤቴ እዚህ ናት። አንድ ደህና መኪና በሉት። የቤት ኢንሹራንሱ? ስልኩን ያነሳችው ልጅ "ግድብ አልክ?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አይሸፍንም።

አሁን ዓሣው። ባስና ብሉጊል አሉኝ፤ አምባዛም አለ። ዝናብ ሲበዛ በማስተንፈሻው በኩል ይጠፋሉ። የዓሣ ጫጩት የሚሸጥልኝ ሰው "ማስተንፈሻው ላይ የሽቦ ወንፊት ግጠምበት" አለኝ። ርካሽ ነው፣ ብልህ ምክር ነው። ልገዛ ነበር። መሐንዲሱ ስለ ጆንስታውን ባይነግረኝ ኖሮ።

ፔንስልቬኒያ ውስጥ፣ ከጆንስታውን ከተማ 22 ኪሎ ሜትር ግድም ከላይ፣ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። ቁመቱ 22 ሜትር። ያረጀና የተተወ ነበር። የፒትስበርግ ሀብታሞች እ.ኤ.አ. በ1879 ላይ ለዓሣና ለአደን ክለባቸው አደረጉት፤ አንድሩ ካርኔጊ ሳይቀር አባል ነበር። ከግድቡ ሥር ውሃ ማውረጃ ቱቦዎች ነበሩ። ከክለቡ በፊት የነበረው ባለቤት ነቅሎ ለብረታ ብረት ሸጧቸዋል፤ ክለቡም አልመለሳቸውም። አናቱ ላይ ሠረገላ እንዲተላለፍ ብለው ቁመቱን ቀነሱት። ውድ ዓሣቸው እንዳያመልጥ ደግሞ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አደረጉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ግንድና ቅጠል ወንፊቱ ላይ ተከመረ። ማውረጃ ቱቦ የለ። ሠራተኞቹ አናቱን በአካፋ ሊያሳድጉ ሞከሩ። በቴሌግራም ለከተማው ማስጠንቀቂያ ተላከ፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ "ሊፈርስ ነው" ተብሎ ሳይፈርስ ስለቀረ ሰዉ ከቁብ አልቆጠረውም። ከሰዓት በኋላ ውሃው በአናቱ ሄደ። 2,209 ሰው ሞተ።

የእኔ ኩሬ የዚያን ሺህኛ አይሆንም። ግን ወንፊቱን አልገዛሁም። ዓሣው ይሂድ። ከታች ያለው ጅረት ውስጥ ልጆች ያጠምዱታል።

አሜሪካ ትልቅ ግድብ ብቻ ነው የሚፈርሰው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994 አልቤርቶ የሚባለው ማዕበል እዚሁ ጆርጂያ ላይ ሲቆም አሜሪከስ በሚባል ከተማ በ24 ሰዓት 21 ኢንች ዘነበ። ከግማሽ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ሳምንት ከ200 በላይ ግድቦች ፈረሱ። ብዙዎቹ የእኔን የመሰሉ የገበሬ ኩሬዎች ነበሩ።

(እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጡ እናት እጃቸውን አወጡ። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን አታፈርሰውም?")

እማማ፣ ባለቤቴም ይሄንኑ ነው የምትለው። አስቤበታለሁ። ግን ማፍረሱም እንደ መሥራቱ ነው። ዝም ብዬ በኤክስካቫተር ብቆርጠው ከታች ያለው ጎረቤቴ ላይ በገዛ እጄ ጎርፍ ለቀቅሁበት ማለት ነው። ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀመው ደለልም አብሮ ወንዙን ይሞላል። ውሃው ቀስ ተብሎ ይወርዳል፣ መሐንዲስ ይነድፈዋል፣ ፈቃድ ይጠየቃል። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት? ያቺን ወፍ ቡናዬን ይዤ ካላየሁ ቀኔ አይጀምርም።

ስለዚህ ተከፋፈልን። ግድቡን መላጣ አደረግሁት። ሣር ብቻ። በየሁለት ሳምንቱ አጭደዋለሁ፤ ሣሩ ካጠረ ጉድጓዱም፣ ስንጥቁም፣ እርጥበቱም ይታያል። የኩሬውን ጅራት፣ ጅረቱ የሚገባበትን ጥልቀት የሌለውን ጫፍ ግን ጎፈሬ አድርጌ ለቀቅሁት። ፊላው፣ ቄጤማው፣ የወደቀው ግንድ፣ የዳክዬ ጎጆ ሣጥኖቹ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እንስሳቱ ከሞላ ጎደል ተስማምተዋል። ዝይዎቹ ብቻ አልሰሙም፤ እነሱ የታጨደ ሣር ይወዳሉ።

ጎረቤቴን ልመለስበት ብያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አላውቀውም ነበር። አጥራችን ስለማይገናኝ ጎረቤት መሆናችንም አልተሰማኝም። ውሃው ደፍርሶ ባየሁበት ቀን ግን ጅረቱን ተከትዬ ወረድኩ። ሰባት መቶ እርምጃ። ከጅረቱ ዳር ተጎታች ቤት ቆሟል፤ ደጃፉ ላይ የሕፃን ብስክሌት። ከሌላኛው ቤት ሸምገል ያሉ ሰው ወጡ። የልጅ ልጃቸው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሁለት ልጆቿ ጋር ተጎታቹ ውስጥ ትኖራለች። ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ እንደዚያ ቀን ተሳስሮ አያውቅም። ሰውየው አልተቆጡም። ገብተው የልጅቷን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉልኝና "ሌሊትም ቢሆን" አሉኝ። የዚያን ለሊት ሴትየዋና ልጆቿ እሳቸው ጋ አደሩ። እኔ ባትሪ ይዤ ግድቡ ላይ አደርኩ።

አሁን ወረቀቱ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል። የእሷ ቁጥር፣ የእሳቸው፣ የመሐንዲሱ፣ የወረዳው የአደጋ ጊዜ ኃላፊ ቁጥር። ከጎኑ ውሃው የት ድረስ ሲደርስ ለማን እንደሚደወል። ከሁለት ኢንች በላይ ዝናብ ሲተነበይ መኪናዬን ለሌላ ሾፌር ሰጥቼ ቤት እቀራለሁ፤ አለቃዬ መጀመሪያ ላይ "ለኩሬ ነው?" ብሎ ስቆብኝ ነበር። በየገናው ለልጆቹ ዳቦ ይዤ እወርዳለሁ። ባለፈው ዓመት ትልቁ ልጅ ከጅረቱ ያጠመደውን ባስ አሳየኝ። የእኔ ዓሣ ነው። ዝም አልኩ።

በቃኝ፤ ቡናው ደርሷል። ጠርሙሶቹን ብቻ መልሱልኝ። ድፍርሱ ላይ ቀን ተጽፎበታል፣ እንዳይጠፋብኝ። ጥርት ያለውንም አትድፉት፤ ቅዳሜ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አቁሜ አየዋለሁ።